የመሪጌታ ገብረ ሕይወት መገነዣ

አዋጁ ቢቸና የገባው መኪና ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ነው። ለኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇልና ልብስ ሰፊ ሁሉ ሌላ ሥራውን አቁሞ የአፍ መሸፈኛ ጭምብል ብቻ ይስፋ፤ በሳምንት ሁለት መቶ ያላስረከበ ማሽኑ ይወረሳል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ለሚከራከርም ቢሆን፣ መኪናው እየለፈፈ ያልፋል እንጂ ቆሞ አይሰማም።

ይርጋነሽ ከገበያው ዳር፣ በረንዳ ላይ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰፋች ሴት ናት። ያንን ማሽን ከወሰዱባት እሷም ዓይነ ስውሩ አባቷ መሪጌታ ገብረ ሕይወትም የሚቀምሱት የለም። ስለዚህ ሰፋች። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደምንም ሞላች። በሁለተኛው ግን ጨርቅ ጠፋ፤ የኮሮና ግብረ ኃይሉ በየሱቁ ያለውን አቡጀዲ ጠራርጎ ለልብስ ሰፊ ማኅበራት ብሎ ሞጣ ወስዶታል። ስፉ የሚለውም እሱ፣ ጨርቁን የሚወስደውም እሱ!

"ታዲያ ጨርቅ ከየት ላምጣ?" ብትለው ጭምብሉን የሚረከበው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ዘመነ "እሱ የኛ ኮሚቴ አይደለም" አላት። በዚያ ሰሞን ኮሚቴ እንደ እንጉዳይ ፈልቶ ነበር።

አርባ ጭምብል ጎደላት። ቤት ውስጥ የቀረው አቡጀዲ በአባቷ ሣጥን ያለው ብቻ ነው። መሪጌታ ዓይናቸው ሳይጠፋ ግሸን ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ ያመጡት መገነዣቸው። በየዓመቱ ፀሐይ ያስመቱታል፣ በእጃቸው ዳብሰው ያጥፉታል፣ መልሰው ያስቀምጡታል። በዚህ ዓለም የኔ የሚሉት ሌላ ነገር የላቸውም።

ይርጋነሽ "አዋጁ ሲነሣ ሌላ እገዛላቸዋለሁ" ብላ ራሷን አታለለች። እኔ አልፈርድባትም፤ የሚጦረው አባት ያለው ሰው ይፍረድባት። መቀሱን አስገባች።

"ምን እየሰፋሽ ነው?" አሉ መሪጌታ፣ የማሽኑን ድምፅ ሰምተው።

"የመንግሥት ሥራ ነው፣ አባ።"

"እጅሽ ይባረክ። የታመመ ይድንበታል።"

ማንም አልዳነበትም። ጭምብሉ ሞጣ ሲደርስ "ጨርቁ ድርብ አይደለም፣ ደረጃውን አያሟላም" ተባለና መጋዘን ተቆለፈበት።

በሰኔ መሪጌታ ያስላቸው ጀመር። በሦስተኛው ቀን አምቡላንስ መጥቶ ሞጣ ወዳለው ማቆያ ሲወስዳቸው "ጨርቄን ይዘሽ ተከተይኝ" አሏት። "እሺ" አለች። ምን ትበል? ስትከተላቸው በመንገድ ደብረ ወርቅ ላይ ከመኪና ወርዳ ጠየቀች፣ ሞጣንም ሱቅ ለሱቅ ዞረች። ለአንድ ሬሳ የሚበቃ አቡጀዲ በምሥራቅ ጎጃም ጠፋ። በመጨረሻ መጋዘኑ ድረስ ሄዳ "የሰፋሁትን አርባውን ስጡኝ፣ ፈትቼ ልቀጥለው" ብላ ለመነች። "የመንግሥት ንብረት ነው" ብለው መለሷት።

በማግስቱ ከማቆያው አጥር ሥር ቆማ ሳለ ስልኳ ጮኸ። የማቆያው ነርስ ሉሊት ናት፤ የራሷን ስልክ ለመሪጌታ ይዛላቸዋለች።

"አመጣሽው?" ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አልወጣ ብሏል።

"አምጥቻለሁ፣ አባ።"

"ለልጅቷ ስጫት። ልዳብሰው።"

ሉሊት ስልኩን ትራሳቸው ላይ ትታ ወጣችና ጓንት ያጠለቀ እጇን በአጥሩ ዘረጋች። ይርጋነሽ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ፣ አራት አጥፋ ሰጠቻት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። ስንት ዓመት የዳበሱትን ጨርቅ እጃቸው እንዴት ይስተዋል?

"ይርጌ" አሉ። "ይሄ ነጠላሽ ነው።"

"መልሺላት፣ ልጄ" አሉ ለሉሊት። "የሞጣ ብርድ ክፉ ነው።"

"እዚህ የገባ ዕቃ አይወጣም፣ አባቴ" አለች ሉሊት።

ይርጋነሽ ያኔ እንባዋ ቀደማት። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት! ይቅር በሉኝ፣ አባ" አለች።

"እሳቸው አልሰሙሽም፤ አሁን ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ" አለቻት ሉሊት።

መሪጌታ በማግስቱ አረፉ። በላስቲክ ጠቅልለው ቀበሯቸው።