ያልተቆረጠው ቅጂ

በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴት አንድ መጽሐፍ አውጥታለች። አንድ ብቻ። ያንንም የጻፈችው እንደ ሰው ጠረጴዛ ይዛ አይደለም፤ ጊዜያቸው ባለፈ የቀጠሮ ወረቀቶች ጀርባ ላይ፣ መስኮቱ ጋ የቆመው በሽተኛ የካርድ ቁጥሩን ከኪሱ ፈልጎ እስኪያወጣ ባለችው ክፍተት ነው። ቁጥሩን ቶሎ የማያገኝ በሽተኛ ምን ያህል ውለታ እንደዋለላት አያውቅም። አሥራ አንድ አጫጭር ታሪኮች እንዲህ ተጠራቅመው መጽሐፍ ሆኑ፤ ሰውም ወደደላት፤ የሥራ ባልደረቦቿ «ደራሲዋ» የሚል ስም አወጡላት። አሳታሚው ሁለተኛውን አምጪ አላት።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ እንዲሁ በዕድል የወጣ መሰላት። ሁለተኛውን ግን በወጉ ልጽፍ አለች፤ ለዚህም ደራሲ የሚባል ሰው እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ነበረባት። የከተማው ቤተ መጻሕፍት በየወሩ አንድ ደራሲ ይጋብዛል፤ መድረክ ላይ ከሥራው ያስነብበዋል፤ ስለ ድርሰት ሕይወቱም ያወያየዋል። ውይይቱን ቀርጾ በኢንተርኔት ስለሚለቀው የብዙ ዓመት ቀረጻ ተከማችቷል። ሴትዮዋ በአንዱ ጀመረችና በምሳ ሰዓቷ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ድንች እየላጠች ሁሉንም አየቻቸው።

እንደዚህ ያለ ሥርዓት የያዘ ሰው አይታ አታውቅም። አንዷ ቆሜ ካልሆነ አልጽፍም ትላለች። አንዱ በባዶ ሆዱ ነው የሚጽፈው። ሌላው መስኮት የሌለው ክፍል ገብቶ በሩን ይቆልፋል። ከሁሉም በላይ እጅ እግሯን ያሰሯት ግን አንድ ስመ ጥር ሽማግሌ ደራሲ ናቸው። «በሌሊት አሥር ሰዓት እነሳለሁ» ይላሉ። «እስከ ሁለት ሰዓት እጽፋለሁ። ማንንም አላናግርም።» ከዚያ ቪዲዮው ወደ ሌላ ጥያቄ ይሄዳል። ይህችን ቦታ ስንት ጊዜ እየመለሰች እንዳየቻት ብናገር ታፍርብኛለች።

ሁሉንም ሞከረች። ቆማ ጻፈች፤ ወገቧን አመማት። ሳትበላ ጻፈች፤ የጻፈችው ሁሉ ስለ ምግብ ሆነ። ቤቷ ውስጥ መስኮት የሌለው ክፍል መጸዳጃ ቤቱ ብቻ ነው፤ እዚያም ልጆቿ በር እየደበደቡ አላስቀምጥ አሏት። በአሥር ሰዓት እየተነሳች ባዶ ወረቀት ፊት ስታንቀላፋ ከረመችና ቀን የአንዱን ካርድ ለሌላው ሰጥታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። በቀጠሮ ወረቀት ጀርባ መጻፉንማ የጀማሪ ነገር ነው ብላ እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። ሦስት ዓመት አለፈ፤ አንዲት ገጽ አልወጣትም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እሷ ግን ወርቁን ሁሉ በላይዋ ላይ ደርድራ መራመድ አቃታት።

ባሏ ብረት በያጅ ነው፤ ነገር አያበዛም። አንድ ቀን ስልኳ ላይ እንዳጎነበሰች አገኛትና ትንሽ ቆሞ አያት።

«ብየዳ ቆሞ የሚያይ ሰው ትርፉ የዓይን ሕመም ነው» አላት። «እኔ የተማርኩት ስበይድ ነው።»

ለሁለት ቀን አኮረፈችው። ከኩርፊያዋ ሳትወጣ ነው ደብዳቤው የደረሳት፦ ቤተ መጻሕፍቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ድርሰት ሕይወቷ እንድታወጋ ጋብዟታል። ቀረጻም አለ። ሽማግሌው ደራሲም የክብር እንግዳ ሆነው ይገኛሉ።

የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እንዳትዋሽ፣ እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እውነቱን እንዳትናገር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ መቀመጧ ለአገር ሊታይ ነው። ሰኞ ዕለት ወሰነች። ቤተ መጻሕፍቱ ሄዳ አልችልም ልትል፣ ከዚያው ወደ አሳታሚው አልፋ ሁለተኛውን መጽሐፍ እንዳይጠብቅ ልትነግረው፣ ድርሰት ከሚባል ነገርም ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ልትሰናበት። ልቧ እያለቀሰ ነው የሄደችው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እስኪወጡ ድረስ በመተላለፊያው ጫፍ ካለው ጠባብ ክፍል ገብታ እንድትቀመጥ የጋበዛት ቪዲዮዎቹን የሚያቀናብረው ሰው ነው። ሃምሳውን ያለፈ፣ ራሰ በራ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ከዘበኛው እስከ ኃላፊዋ ድረስ ጋሽ መቀስ ነው የሚሉት። በቤተ መጻሕፍቱ ደንብ አንድ ቪዲዮ ከሃያ ደቂቃ አያልፍም። ሁለት ሰዓት የተቀረጸውን ሃያ ደቂቃ የሚያደርገው እሱ ነው፤ በሥራውም ይኮራል።

ለቅዳሜ መክፈቻ የሚሆን ነገር ከድሮዎቹ ቀረጻዎች እየለቀመ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሽማግሌው ደራሲ ብቅ ሲሉ ሴትዮዋ አላስቻላትም፤ ከእሳቸው ቀድማ «በሌሊት አሥር ሰዓት» ብላ ጀመረች። ሽማግሌው ግን ሌላ ነገር አሉ።

«አንድ ጊዜማ» አሉ ከስክሪኑ ውስጥ፣ ጉንጫቸውን ይዘው እየሳቁ፣ «የመንጋጋ ጥርሴ አሞኝ ዘጠኝ ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ? በሌሊት አሥር ሰዓት እነሳለሁ። እስከ ሁለት ሰዓት እጽፋለሁ። ማንንም አላናግርም፤ አፌ አብጦ በምን ላናግር? ጥርሱ ሲነቀል መነሳቱም ቀረ፣ መጻፉም ቀረ። እኔ ጊዜ ከሰጡኝ እተኛለሁ። የሚመጣልኝ ሌላ ሥራ ሲኖርብኝ ነው፤ ወረፋ ላይ ቆሜ፣ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ።»

ሴትዮዋ ቪዲዮውን እንዲያቆመው ለመነችው። እንደገና አስከፈተችው። ሦስተኛ ጊዜም አስከፈተችው። ከዚያ የሌሎቹን ጠየቀች፤ ጋሽ መቀስም ግራ እየገባው ያልተቆረጡትን ቅጂዎች አወጣላት። ቆማ የምትጽፈው ደራሲ ያን ሰሞን ጀርባዋን ታማ ሐኪሞች መቀመጥ ከልክለዋት ነበር። ባዶ ሆዱን የሚጽፈው ሰውዬ፣ ቁርስ ከበላሁማ ወደ ሥራ መሄዴ ነው ብሎ አክሎ ነበር። በመሃል በመሃል ሁሉም ዝም ይላሉ፣ ራሳቸውን ያካሉ፣ «እንጃ» ይላሉ። አንድ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ጊዜ «እንጃ» ብሏል።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ «ጥርሱን ለምን ነቀሉት?»

ጋሽ መቀስ ደነገጠ። «እህቴ፣ ደራሲ ናቸው እኮ። የጥርስ ወሬ ምን ያስከብራቸዋል? እኔ ለክብራቸው ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ንዴት ያዛት፤ ሦስት ዓመቷን የበላው ይህ ትሑት ሰው ነው። ወዲያው ግን ንዴቱ የት እንደገባ ጠፋትና ሳቋ መጣ። ስትስቅ እንባዋ ወረደ። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሰዎቹ ሁሉ እንደሷ ናቸው! እንደሷ ክፍተት የሚጠብቁ፣ እንደሷ የማያውቁ። ጋሽ መቀስ ውሃ አመጣላት፤ የተናደደችበት መስሎት ይቅርታ ጠየቃት። ኃላፊዋ ከስብሰባ ወጥተው ምን ልርዳሽ ሲሏት፣ ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደምትደርስ ለማወቅ ነው የመጣሁት አለች። አሳታሚው ጋ አልሄደችም።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ መስኮቱ ጋ የቆሙ አንዲት እናት ካርድ ቁጥራቸውን ፍለጋ ቦርሳቸውን ሲዘረግፉ፣ ሴትዮዋ አንድ የቀጠሮ ወረቀት ገለበጠች። ሁለት መስመር ጻፈች። እናቲቱ ቁጥሩን ሲያገኙ ትንሽ ቅር አላት። እስከ ዓርብ ድረስ ስድስት ወረቀት ሆነ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቷል። አወያይዋ፣ ሁልጊዜ እንደምትጠይቀው፣ የጽሑፍ ሰዓቷ መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ፊት ወንበር ላይ ከሚስታቸው ጋር የተቀመጡትን ሽማግሌ አየቻቸው። ቢሆንም ተናገረች።

«ሦስት ዓመት አልጻፍኩም» አለች። «ደራሲዎች እንዴት እንደሚጽፉ ሳይ ነው የከረምኩት። ከማክሰኞ ወዲህ ስድስት ወረቀት ጽፌያለሁ። ጥሩ አይደለም፤ ላንብብላችሁ?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ከዚያ ጸጥ ብሎ አደመጣት። የማንንም ስም አላነሳችም፤ ጥርስ የምትል ቃልም ከአፏ አልወጣችም።

ሰው ሲበተን ሽማግሌው በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ መድረኩ መጡ፤ ሚስታቸውም ከኋላ። ጎንበስ ብለው ያየሽው የማንን ቪዲዮ ነው ብለው በዝግታ ጠየቋት። መዋሸት አልሆነላትም። የእርስዎን አለቻቸው፤ ስለ ጥርሱም፣ ስለተቆረጠውም ነገር ነገረቻቸው። ጋሽ መቀስ ጥግ ላይ ገመድ እየጠቀለለ መሬቷ ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።



«እኔ መልኬን በቪዲዮ ማየት አልወድም» አሉ ሽማግሌው። «ያገኘኝ ሁሉ ‹በአሥር ሰዓት ይነሳሉ አሉ› ይለኛል። እርጅና ነው፣ የተናገርኩትን መች አስታውሳለሁ? ብያለሁ ማለት ነው አልኩ። ብዬ ካልተነሳሁ ደግሞ ውሸታም ልሆን ነው። ስለዚህ መነሳት ጀመርኩ።» ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ስድስት ዓመት ሆነኝ ልጄ። በየሌሊቱ ተነስቼ እቀመጣለሁ። አንዲት መስመር አልወጣኝም። አለቀልኝ ብዬ ነበር።»

«ወረፋ ላይ ነው የሚመጣልዎት አባባ» አለች ሴትዮዋ። «እርስዎ ነዎት ያሉት።»

«ወረፋ ላይ» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። «ልክ ነሽ። ሚስቴ የውሃና የመብራቱን ወረፋ ለሠራተኛ ሰጥታ፣ ‹አንተ ጻፍ› ብላ እቤት አስቀመጠችኝ እኮ። እንግዲያው ነገ ብተኛ ነውር የለውም?»

«ይተኙ።»

 ሚስታቸው ቀረብ ብለው የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። እሳቸውም ለካ በየሌሊቱ አብረው እየተነሱ ሻይ ሲያፈሉላቸው፣ ጽሑፉ እንዳይቋረጥ ብለው ድምፅ ሳያሰሙ በጨለማ ሲቀመጡ ኖረዋል።

«ስድስት ዓመት» አሉ አሮጊቷ። «አንድ ቀን እንኳ እንቅልፌን ጠግቤ አላውቅም። አንቺን የወለደች እናት ትባረክ።»

ከዚያ ባላቸውን በክንዳቸው ያዙና፣ ሳይመሽ ቤታችን እንግባ አሏቸው።