ሠላሳ የጾም ዋፍል

«ቆይ ሶስና፣ አትውሰጂው!»

ፈሪሃ ካርቶኑን በሁለት እጇ ያዘች። ሶስና በወዲያ በኩል እንደያዘች ቀጥ አለች። ውስጡ ሠላሳ የጾም ዋፍል አለ፤ ገና ይሞቃል።

«ምን ሆንሽ? ስምንት ከሃያ ሆኗል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማኅበርተኞቹ ቤቴ ይገባሉ፤ የንስሐ አባቴም አሉ።»

ፈሪሃ ዓይኗን ከዋፍል ቤቷ መደርደሪያ መንቀል አቃታት። እዚያ ሁለት አንድ ዓይነት ጆጎች ተቀምጠዋል። ባለ ነጭ ክዳኑ ለሁዳዴ ጿሚዎች ነው፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ዘይትና የተፈጨ ማንጎ። ባለ ቀይ ክዳኑ ለኢፍጣር ነው፤ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሥራ ስትፈታ ሁለቱንም ክዳን አንድ ላይ አጠበች፤ ሐሳቧ ሌላ ጋ እንዳለ መልሳ ገጠመቻቸው። የቱን በየቱ ላይ? አላህ ይወቅ። ሊጡ ሁለቱም ቢጫ ነው፤ ሽታውን ደግሞ ሁለቱም ውስጥ ያለው ሄል ውጦታል።

«ክዳኖቹን ሳላቀያይር አልቀረሁም» አለች። «እንቁላል ሊኖርበት ይችላል።»

የሶስና ፊት ተለወጠ። «ሳትቀምሺ ነው የሰጠሽኝ?»

«ረመዳን ነው እኮ።»

ይህን ስትል ድምጿ ቀነሰ፤ ምክንያቱ ሌላ ነበርና።

ሶስና እንዲያው ደንበኛ ብቻ አይደለችም። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ልጆቿን ይዛ የተጠጋችው እዚሁ የእነፈሪሃ ግቢ ነው። ፈሪሃ ከሻርጃ የዋፍል ማሽን ተሸክማ ስትመለስ ሰፈሩ «ይሄ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ዳቦ ደግሞ ምንድን ነው?» እያለ ሳቀባት። ውጩ የሚንኮሻኮሸውን፣ ውስጡ የሚለሰልሰውን፣ በየጉድጓዱ ማር የሚያቁረውን ነገር መጀመሪያ የወደደችው ሶስና ናት። ፈሪሃም ሻርጃ ሳለች ከአሠሪዋ የሰማችውን አጫወተቻት፤ ቤልጂጎች ወፍራም አድርገው፣ ሌሎቹ ስስ አድርገው ይጋግሩታል፤ ጥንት ግን ፈረንጆች ዱቄትና ውሃውን በሁለት ብረት መሃል እሳት ላይ ጠብሰው በክብረ በዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሸጡት ነበር። «ታዲያ ሲጀመርም የጾም ነበራ!» ብላ ሶስና የጾሙን ዓይነት ያስጀመረቻት ያኔ ነው። ማኅበርተኞቹ ከሙስሊም ቤት የሚመጣውን የጾም ምግብ ለመብላት ሲያንገራግሩም «በእኔ ይሁንባችሁ» ያለችው እሷው ናት።

«አሁን ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው?» አለች ሶስና። «እኔ እንዳልቀምሰው፣ እንቁላል ካለበት ገደፍኩ ማለት ነው።»

የፈሪሃ ባል አባት ጋሽ አብዱልሃዲ በሩ አጠገብ ጥላው ውስጥ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ፍሬ በፍሬ ይቆጥራሉ። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ልጄ፣ በምላስሽ ጫፍ ነክተሽ ትፊው» አሉ። «ለችግር ጊዜ ይፈቀዳል።»

ፈሪሃ ከዋፍሉ ቆንጥራ በምላሷ ነካችና ተፋችው። ስኳርና ሄል። ሌላ ምንም የለም።

«እ?» አለች ሶስና።

«አልለየሁትም፣ አባባ። ካልታኘከ አይለይም። ካልተዋጠ።»

እውነቱን ለመናገር ፈሪሃ ዛሬ ጾመኛ አይደለችም። የወር አበባዋ ከመጣ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ሃይማኖቷ ራሱ ጾሙን አንስቶላታል። ግን ይህን በባል አባት ፊት ማን ያወራል? ሦስቱንም ቀን ውሃ የጠጣችው ጓዳ ገብታ፣ ቴምር የበላችው በሩን ዘግታ ነው። ቅድምም ዋፍሉን ያልቀመሰችው እሳቸው እዚህ ስለተቀመጡ ብቻ ነበር። ለአንዲት ጉርሻ አፍራ የጓደኛዋን ማኅበር በሙሉ ልታስገድፍ! በራሷ በገነች።

ካርቶኑን ከፍታ አንድ ዋፍል አወጣች። የጓዳውን መጋረጃ አየችው፤ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። አልሄደችም። እዚያው ቆማ ገመጠች፣ አኘከች፣ ዋጠች።

የሙስበሃው ድምፅ ቆመ።

«ወተት አለው» አለች ቀና ሳትል። «እንቁላልም አለው። ሶስናዬ፣ ይቅር በይኝ።»

ሶስና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንኳን አልበላነው። አሁን ስንት ታደርሻለሽ?»

«በአርባ ደቂቃ ሃያ። እሱም መብራት ካልጠፋ።»

«እየቆረስን እንካፈለዋለን። በይ ጋግሪ!»

ፈሪሃ ማሽኑን በእርጥብ ጨርቅ አጥርታ ወልውላ ሰካች። ከባለ ቀይ ክዳኑ ጆግ የሁለት ዋፍል ሊጥ አፍስሳ ከደነችው። አራቱ ደቂቃ ዓመት ሆነባት። ሲወጣ ትኩሱን በእጇ ይዛ ቆመች። ይኼንንም መቅመስ አለባት፤ ክዳን ከእንግዲህ አይታመንም። ጉንጯ ነደደ።

ጋሽ አብዱልሃዲ ከበርጩማቸው ተነሡ። የቆላው ሙቀት ከንፈራቸውን አድርቆታል። ማቀዝቀዣውን ከፍተው ለደንበኛ ከሚሸጠው ውሃ አንዱን አወጡ፤ ብርጭቆ ሞልተው ማሽኑ አጠገብ አስቀመጡላት።

«ደረቅ ነገር ነው፣ ያንቅሻል» አሉ፤ ዓይናቸው አስፋልቱ ላይ ነው። «ውሃ ጠጪበት።»

ፈሪሃ ገመጠች። ማንጎ።

«የጾሙ ነው!» አለች፤ ሶስና «ተመስገን» ብላ ባዶ ካርቶን ፍለጋ ዞረች።

ፈሪሃ ብርጭቆውን አነሳች። ከዚያም እሳቸው ፊት ቆማ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ውሃውን ጠጣችው።