ምኗ ነሽ?

«ፍትሐቱ በማን ስም ነው የተደረሰላት?» አለች ካሰች፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሐዘንተኞቹ ፍራሽ ላይ እንደ ተቀመጠች።

አጠገቧ ያለው ወንዳወቅ ቀና አለ። እናቱን ባንቺአየሁን ሊቀብር ከባሕር ዳር መጥቶ ዛሬ ሠልስቷ ነው።

«በወለተ ማርያም። ቄሱ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁኝ እሱን ነገርኋቸው።»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? የብዙ ሴት ስም እሱ አይደል?»

ጭብጥ ንፍሮዋ እጇ ላይ ቀረ። ባንቺአየሁ ወለተ ኢየሱስ ነበረች። ስሟን የሚያውቁት የንስሐ አባቷ በዐቢይ ጾም ሞተዋል፤ የፈቱላት አዲስ ቄስ ናቸው። ያ ሁሉ ጸሎት ለማን እንደ ሄደ እግዜር ይወቀው። ካሰች በቀብሩ ዕለት ከሴቶቹ ኋላ ነበረች፤ የጠየቃት የለም።

ወገኖቼ፣ ሁለቱ እህትማማች አልነበሩም፤ ጣውንቶች ነበሩ። ባምላኩ የሚባል እህል ነጋዴ አንዷን ፍኖተ ሰላም፣ ሌላዋን ቡሬ አስቀምጦ፣ አንዷ ስለ ሌላዋ ሳታውቅ ኖሮ ሞተ። የተዋወቁት ለቅሶው ላይ ነው፣ ሁለቱም «ባሌን!» እያሉ ደረት ሲመቱ። ሰው ሊናጩ ነው ብሎ ዳር ዳር ቆመ። ባንቺአየሁ ግን ካሰችን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣

«ልጅ አለሽ?» አለቻት።

«የለኝም።»

«እንግዲያስ የት ትገቢያለሽ? ነይ፤ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ አለን።»

አለን አለች እንጂ አለኝ አላለችም።

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጣራ ኖሩ። ባንቺአየሁ ቡሬ ገበያ በቆሎ ስትነግድ፣ ልጁን አጥባ፣ አጉርሳ፣ ትምህርት ቤት የምታደርሰው ካሰች ናት። ሰፈሩ ሲስቅባቸው ባንቺአየሁ «ቅናቱን ባምላኩ ይዞት ሄደ፤ ለእኛ ልጁ ቀረልን» ትል ነበር።

ልጁ ወንዳወቅ ተማረ፣ ሜላትን አገባ፣ ወለደ። ባለፈው ክረምት እናቱ ስትታመም መጣ።

«እማዬ፣ ባሕር ዳር ሄደሽ ታከሚ። አንድ ክፍል አለን።»

«ካሰችስ?»

«ቤተሰብ እኮ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ነው። አንቺን ጨመርን። ሌላውን ሁሉ የት ላድርገው?»

ካሰች «ሂጂ፣ ስለ እኔ አታስቢ» ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። ባንቺአየሁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሳትሄድ በዚያው ሞተች።

አሁን የፈቱላት ቄስ፣ መምሬ ዘሚካኤል፣ ሊያጽናኑ ገቡ። ካሰች ተነሣች።

«መምሬ፣ ስሟ ተሳስቷል። ወለተ ኢየሱስ ናት። ይድገሙላት።»

የወንዳወቅ ፊት ቀላ።

«ልጇ ያላወቀውን አንቺ እንዴት አወቅሽው?» አሉ መምሬ፣ በክፋት አልነበረም። «ምኗ ነሽ?»

ካሰች ምን ትበል? ወደ ወንዳወቅ ዞረች። «እንጀራ እናቴ» እንኳ ቢላት ይበቃት ነበር።

«አብራት የምትኖር ሴት ናት» አለ እሱ።

«አንተ ልጅ!» አለች ጎረቤታቸው አልጣሽ። «ያሳደገችህን?»

«እትዬ፣ የኔን ቤተሰብ እኔ አውቃለሁ። እናቴ ሳትታከም የቀረችው በማን እንደ ሆነም አውቃለሁ።»

መምሬ ከቀሚሳቸው ኪስ ወረቀት አውጥተው ወለተ ኢየሱስ ብለው ጻፉ።

ካሰች ወደ ፍራሹ አልተመለሰችም። ከድንኳኑ ወጣች፤ ትንሽ ቆይታም ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ከበሩ ገባች። ወንዳወቅ ፊት ጎንበስ ብላ፣

«እግዜር ያጥናህ» አለችው።

እሱም ለመጣው ሁሉ እንደሚመልሰው፣ ቀና ሳይል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

ሄዳ ከጎረቤቶቹ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።