ገጽ ሰማንያ ስምንት

አብዴናጎ ኡስካቴጊ በሕይወቱ ሃያ ከሃያ የሰጠው ለአራት መጽሐፍ ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስት መቶ ምናምን የፕሮግራሚንግና የሒሳብ መጻሕፍት እንደ ተማሪ ፈትኖ እንደ ተማሪ ጥሏቸዋል። ሜሪዳ በምትባል ተራራማ ከተማ ኮምፒውተር ሳይንስ ሲያስተምር ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሂሱን የሚያወጣው በትምህርት ክፍሉ ድረ ገጽ ላይ ነበር፤ ተማሪዎችም መጽሐፉን ትተው የእሱን ስድብ ለማንበብ ይሻሙ ነበር። ስለ አንዱ «ደራሲው የሚያውቀውን ሁሉ ጽፏል፤ መጽሐፉ የሳሳው ለዚህ ነው» አለ። ስለ ሌላው ደግሞ «ክብደቱ ጥሩ ነው፤ በር ያስደግፋል»። ሰው ይስቃል። እሱም ሰው የሚስቅለት መሆን ደስ ይለው ነበር፤ ይሄን ምን ያስደብቃል።

አሁን የሚስቅ የለም። ተማሪዎቹ ተሰደው ግማሾቹ ሊማ፣ ግማሾቹ ሳንቲያጎ ናቸው። ክፍል ውስጥ ሦስት ቀርተውታል፤ ከሦስቱም አንዷ ፓስፖርት እየጠበቀች ነው። አዲስ መጽሐፍ ከተማው ውስጥ ከገባ ስድስት ዓመት አልፎታል። ድረ ገጹ ከመጋቢት ወዲህ አይከፈትም፤ ማሽኑ ተቃጥሏል፣ የሚጠግነው ልጅ ደግሞ ኪቶ ገብቷል። እንግዲህ አብዴናጎ ምን ያድርግ? የድሮ መጻሕፍቱን እየደገመ ያነባል፤ ማንም የማያየውን ሂስ ደብተር ላይ በእርሳስ ይጽፋል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የኤውሜልያ ዳቪላ መጽሐፍ ተራ ደረሰ። ፕሮፌሰር ኤውሜልያ ከእሱ ቢሮ ሦስት በር አልፎ የነበሩ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ያን አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ አሥራ አራት ዓመት ፈጅተዋል። ያሳተሙትም ከራሳቸው ኪስ፣ አንድ የሰፈር ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። አብዴናጎ ከዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በፊት ዘጠኝ ሰጣቸው። ማለፊያው አሥር ነው።

ዘጠኝ ያሰጣቸው አራተኛው ምዕራፍ ላይ ያለው ዋናው ማረጋገጫ ነው። እንዲህ ያለው ማረጋገጫ እንደ መሰላል ነው፤ ከአንዱ መረገጫ ወደሚቀጥለው መውጣት እንደሚቻል ታሳያለህ፣ ግን አስቀድመህ የመጀመሪያው መረገጫ መኖሩን ማሳየት አለብህ። እሱ ቢፈልግ ቢፈልግ የመጀመሪያውን አጣው። ብዕሩም ስላ። «ፕሮፌሰር ዳቪላ ሰማይ የሚነካ መሰላል ሠርተዋል። የመጀመሪያውን መረገጫ ግን ረስተውታል። እኛም መሬት ላይ ቆመን እናጨበጭባለን» ብሎ ጻፈ።

እንደዚያች ሂስ የተሳቀላት የለም። ተማሪዎቹ በሴትዮዋ በር ሲያልፉ የሌለ መረገጫ እንደሚሻገር ሰው እግራቸውን ከፍ አድርገው ያልፉ ጀመር። ኤውሜልያም በዓመቱ ጡረታ ወጡ።

አብዴናጎ መጽሐፉን ከፍቶ ወደ አራተኛው ምዕራፍ ሄደ። ገጽ ሰማንያ ሰባትን ገለጠ። አውራ ጣቱ ወረቀቱ ላይ ቆመ፤ ወፍሮበታል። አገላበጠው። የሚቀጥለው ገጽ ዘጠና ይላል። ሁለቱ ቅጠሎች በውጭ ጠርዛቸው እንደተያያዙ ናቸው፤ የማተሚያ ቤቱ መቁረጫ ስቷቸዋል። ከወጥ ቤት የቅቤ ቢላ አምጥቶ ቀስ ብሎ ሰነጠቀው።

መረገጫው እዚያ ነበር። ገጽ ሰማንያ ስምንት፣ አናቱ ላይ፣ «መጀመሪያ ለአንድ እናሳይ» ይላል። ማሳያው ከቀሚስ ጥልፍ የጠራ ነው፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ተማሪዬ፣ ይህቺን አትዝለላት» ተብሎ ተጽፏል።

ቆጠራ የሚጀመረው ከዜሮ ነው እያለ በሺህ ለሚቆጠር ልጅ ያስተማረ ሰው፣ ከሰማንያ ሰባት ቀጥሎ ሰማንያ ስምንት እንደሚመጣ አላስተዋለም። ወንበር ላይ ተቀመጠ። አፈረ፤ በዚህ ዕድሜው ጆሮው እስኪግል አፈረ። ሂሱ በወጣ ሰሞን አንድ ቀን ኤውሜልያ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቢሮው በር ላይ ቆመው እንደነበር ትዝ አለው። ቢሮው በተማሪ ተሞልቶ ነበር። «ወይዘሮ ኤውሜልያ፣ ቅሬታ ካለ በጽሑፍ» አላቸው፤ ልጆቹ ሳቁ፣ እሳቸውም መጽሐፉን እንዳቀፉ ተመለሱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕሩማ በምን ይታሻል?

ማስተባበያ እንዳያወጣ ድረ ገጹ ሞቷል፤ ቢያወጣስ ማን ያነበዋል? የቀሩት አንድ ሰው ናቸው፣ ራሳቸው ደራሲዋ። እሳቸው ሳይሰሙ ከቀሩ ስህተቱ እውነት ሆኖ ይቀራል። በማግስቱ መጽሐፉንና አንድ ጡብ የአገዳ ስኳር በፌስታል አንጠልጥሎ ኤውሜልያ ወደሚኖሩባት ወደ ታባይ ወጣ። ቤንዚን ስለሌለ አውቶቡስ የለም፤ ዳገቱን ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሩ ሄደ።

በሩን የከፈተችው ዮስማሪ ናት፣ የኤውሜልያ የእህት ልጅ። ድሮ ተማሪው ነበረች።

«ፕሮፌሶር! በሕይወት አሉ እንዴ? ያቺ የሰጡኝ ስምንት እኮ እስካሁን ታቃጥለኛለች!»

«ሰባት ነበረች» አለ፤ አመል ነው።

«ይኸው! አገር ሲፈርስ ይቺ አትረሳቸውም። ግዴለም፣ እርስዎ ባይጥሉኝ ዛሬ ሥራ ፈት ኢንጂነር ነበርኩ። ፀጉር ሠሪ ቢያንስ እንቁላል ይከፈለዋል።» ወዲያው ወደ ውሻው ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ከመንገድ ይነሱ እንጂ! እንግዳ አያዩም?» በሜሪዳ ተራሮች ውሻም አንቱ ይባላል፤ ሳይከበር የቀረ ደራሲ ብቻ ነው።

«አክስትሽን ፈልጌ ነው።»

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «አእምሯቸው ቀን ይመርጣል። እኔን ራሴን አንዳንዴ ‘ፖስታ አመጣሽ ወይ?’ ይሉኛል። ግን ይግቡ፤ ጠዋት ጠዋት ይሻላቸዋል።»

ኤውሜልያ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ፀጉራቸው ግን በወግ ተሠርቷል።

«እንደምን አደሩ፣ ፕሮፌሶራ።»

«ደኅና ነዎት? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ዮስማሪ፣ ለኚህ ጌታ ትኩስ ነገር!»

ማንነቱን አላወቁትም። እሱ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋ፣ የተሰነጠቀውን ጠርዝ አሳየ። «ይዩት፣ ገጽ ሰማንያ ስምንት። ገጹ ተጣብቆ ነው እንጂ እርስዎ ጽፈውታል። የመጀመሪያው መረገጫ አለ።»

ኤውሜልያ መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው መስመር በመስመር ወረደ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ ቆመው አሰቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጠሉ። ሒሳቡ አልጠፋቸውም።

«ጥሩ ነው» አሉ ሲጨርሱ። «ንጹሕ ነው። ማን ጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

ሳቁ፤ ልጅ ሲያታልላቸው እንደሚስቁት። «እኔማ ረስቼዋለሁ።» ቀና ብለውም በቃላቸው አነበነቡ። «‘ፕሮፌሰር ዳቪላ ሰማይ የሚነካ መሰላል ሠርተዋል። የመጀመሪያውን መረገጫ ግን ረስተውታል።’ ተጽፏል እኮ። እዚያው እኛ ጋ የነበረ አንድ ፕሮፌሰር ነው የጻፈው።»

«ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ፕሮፌሶራ። አብዴናጎ ነኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«አይ፣ እሱማ አይሳሳትም» አሉ በርኅራኄ። «በጣም አንባቢ ነው።» የገጹን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳበሱት። «እርስዎ ግን ደግ ሰው ነዎት። ልብ ብለው የጎደለኝን አሟሉልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

አብዴናጎ ዮስማሪን አየ፤ ዮስማሪ ጓሮ የሚጨሰውን እሳት ታያለች። «ስሜን ይረሳሉ፣ ያቺን ሂስ ግን አይረሱም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በየቀኑ ነው የሚሏት። ሁለተኛ መጽሐፍ ጀምረው ነበር፤ በእሷ ምክንያት ተዉት።»

የቀረበለትን ትኩስ የአገዳ ስኳር ውሃ ጠጥቶ ጨረሰ። ሲነሳ ኤውሜልያም ካልሸኘሁ ብለው አስቸገሩ። የበረንዳው ደረጃ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ድንጋይ፣ ደኅና ድንጋይ። ኤውሜልያ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የእህታቸውን ልጅ ትከሻ ያዙና እግራቸውን ከፍ አድርገው የመጀመሪያውን ድንጋይ ዘለው ሁለተኛው ላይ ወረዱ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለች ዮስማሪ። «ባለፈው ወድቀው ነበር።»

ኤውሜልያ ከታች ሆነው እጃቸውን ዘረጉለት። «ይጠንቀቁ ጌታው፣ የመጀመሪያው የለም።»

አብዴናጎ ድንጋዩን አየው። ከዚያ እግሩን አንስቶ ተሻገረው።