የሰርግ ካርድ ዕጣ

ቀለመወርቅ ሦስት ጊዜ ዕጣ አወጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ልሂድ» ወጣለት።

ነገሩ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ካዛንቺስ ያለው መሥሪያ ቤቱ የጅማ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሊያደርገው አስቦ፣ እስከ ዓርብ መልስ እንዲሰጥ በደብዳቤ ጠየቀው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንድ ጠረጴዛ ያልተነሣ ሰው ነውና ደብዳቤውን ሲያነብ ጆሮው ድረስ ሞቀው። የከበደው የቤቱ ጉዳይ ነበር። ቂርቆስ ሰፈር አብረውት የሚኖሩት አባቱ አቶ ኢያቄም ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሆኖም በየማለዳው ከዘራቸውን ይዘው፣ ማንም ሳይመራቸው፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ። ብቻቸውን የሚሄዱባት መንገድ እሷ ብቻ ናት። ጅማ ከሄዱ እሷም ትቀርባቸዋለች።

ይህን ለአባቱ መንገር አቃተው። ለሚስቱ ለጦቢያም አልነገራትም። «መጀመሪያ እግዚአብሔር ይንገረኝ» አለና የእናቱን ልማድ ያዘ። ነፍሷን ይማርና እናቱ ሲጨንቃት በሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ጠቅልላ፣ ግድግዳው ላይ ካለው የማርያም ሥዕል ሥር ታስቀምጥና ጸልያ አንዱን ታነሣ ነበር። እሱም በአንዱ «ልሂድ»፣ በሌላው «ልቅር» ብሎ ጽፎ እንዲሁ አደረገ። በመጀመሪያው ቀን «ልሂድ» ወጣ። ለማረጋገጥ በማግስቱ ደገመ፤ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ አባቱን ከሥዕሉ ሥር ቆመው አገኛቸው። ሁለቱን ጥቅሎች በጣቶቻቸው ይዳስሳሉ።

«ቀለሜ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው? ጧፍ ላስቀምጥ ስል እጄ ላይ መጡ።»

«ዕጣ ናቸው፣ አባባ።»

«የምን ዕጣ?»

መዋሸት አልቻለም። ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራቸው። አቶ ኢያቄም ሁለቱን እንደገና ዳሰሱና አንዱን ጥቅል ዘረጉለት።

«የወጣልህ ይሄኛው ነው አይደል?»

ፈትቶ አየው። «ልሂድ» ይላል። «እንዴት አወቁ?»

«ይሄ የሰርግ ካርድ ነው። ያኛው ስስ የደብተር ወረቀት። እኔ ዕውሩ በአንድ ዳሰሳ የለየሁትን የአንተ ጣት እንዴት ያጣዋል?»

ቀለመወርቅ አንገቱን ደፋ። የመጀመሪያውን ቀን ሳያውቅ ነበር ያነሣው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ግን ጣቶቹ ስሱን ነክተው እንዳለፉት ትዝ አለው።

ጦቢያ ከጓዳ ብቅ አለች። «ደብዳቤውን እኮ ሰኞ ኮትህን ሳጥብ አንብቤዋለሁ። ወረቀት ባለመሆኔ ነው መሰለኝ ሳልጠየቅ የቀረሁት።»

«እሷን ደግሞ ጠቅልለህ ሥዕል ሥር አታስቀምጣት ነገር» አሉ አባቱ፤ ሦስቱም ሳቁ።

«አሁን ልጠይቅሽ፤ ምን ትያለሽ?»

«የምትሄድበት እሄዳለሁ። ግን ነገ ጠዋት ከአባባ ጋር ሂድ። አብረሃቸው ከሄድክ ስንት ዓመትህ?»

«እኔም ከወሰድከኝ እሄዳለሁ» አሉ አቶ ኢያቄም። «እግዚአብሔር ጅማም አለ።»

ዓርብ ማለዳ አባትና ልጅ ወጡ። ከቤታቸው ትንሽ ወረድ ብሎ የብረት በር የሚሠራው ረጋሳ ገና ሱቁን ሳይከፍት፣ በእግረኛው መንገድ ላይ የተዘረጉትን ብረቶች አንድ በአንድ እያነሣ ግድግዳ ያስደግፋል።

«አባባ ኢያቄም፣ ዛሬ በአጃቢ ነው?»

«ልጄ ነው። መንገድ እያሳየሁት ነው።»

«በየቀኑ እንዲህ በማለዳ ነው የምትነሣው?» አለ ቀለመወርቅ።

«ለእሳቸው ነው እንጂ ሥራ የምጀምረው ሁለት ሰዓት ነው» አለ ረጋሳ፣ ብረቱን ሳያስቀምጥ።

አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ አባቱ ቆሙ። ቀለመወርቅ ግራ ቀኙን አይቶ «ባዶ ነው፣ እንሻገር» አለ።

«ቆይ።»

ወዲያው ከመታጠፊያው የቄራ ሥጋ መኪና ብቅ ብላ በፊታቸው አለፈች።

«እንዴት ሰሟት?»

«እኔም ድሮ አልሰማትም ነበር። ለመሻገር የቸኮለ ሰው መኪና እየመጣም መንገዱ ባዶ ይመስለዋል። አሁን መጀመሪያ ችኮላዬን ዝም አሰኘዋለሁ። ከዚያ ነው የማዳምጠው።»

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍ የምትሸጠው ሎሚ አባቱን ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን አሳለፈቻቸው። ቀለመወርቅ ዛፍ ሥር ቆመ። «ጌታ ሆይ፣ መልሱን በእጄ ይዤ እየጠየቅሁህ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አለና አዳመጠ። ከሰማይ የመጣ ድምፅ የለም። የረጋሳ ብረት ግድግዳ ሲነካ ያሰማው ኳኳታ ግን ከጆሮው አልወጣ አለ። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ስንት እጅ ለአባቱ ሲዘረጋ እንደኖረ አሰበ። ይህን ሁሉ እሱ አላዘዘም፣ አላወቀምም። እግዚአብሔር በእነዚያ እጆች ሲጠብቃቸው ኖሯል። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የሐዘን አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ካዛንቺስ ቢሮው ገብቶ፣ ለተሰጠው ዕድል አመስግኖ፣ በቤተሰብ ምክንያት እንደማይሄድ ጻፈ። ጅማ የሄደው ባልደረባው አስገዶም ነው። ቀለመወርቅ ሲሸኘው ትንሽ ቆጨው፤ ግን ከልቡ መረቀው።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ከአባቱ ጋር ይወርዳል። የረጋሳን ብረቶችም አብሮ ያነሣል። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ አሁን ቀድሞ የሚቆመው እሱ ነው።

«ምን ሰማህ?» ይሉታል አባቱ።

«ገና ነው፣ አባባ» ይላል። «ትንሽ እንቁም።»