ከሳሚራ ላይ የተነሳው ሁለት ሺህ

የእኔ ጣጣ ሁልጊዜ የሚመጣው ከአፌ ነው። እናቴ «ገበየሁ፣ አንተን ጠላት አይገድልህም፣ አፍህ ይበቃሃል» ትለኝ ነበር። ነፍሷን ይማረውና አልተሳሳተችም።

ባለፈው ግንቦት እዚህ መርሳ ላይ ነጋዴውን ሁሉ ለግብር ስብሰባ ጠሩን። የቀን ገቢ ግምት ሊታደስ ነው ተባለ። እኛ ትንንሾቹ ደረሰኝ ስለማንቆርጥ ኮሚቴ በየቤታችን እየዞረ በቀን ስንት እንደምንሸጥ ይገምታል፤ የዓመቱ ግብር የሚሰላው ከዚያ ነው። እኔ ወደ ወልድያ መውጫው ላይ ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመቴ። ዝም ብዬ ሰምቼ መውጣት ስችል ብድግ አልኩና «ለመሆኑ ገማቹ ማነው? ጎማ ነቅሎ የማያውቅ፣ ወጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ስለኛ ምን ያውቃል? ከመካከላችን ሰው ይግባ!» አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጭብጨባው ሳይበርድ አንዱ ከኋላ «ራሱ ይግባ!» አለ። እጅ ወጣ፣ አለቀ። እኛ አገር ስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው ኮሚቴ ነው። ይህንን እያወቅኩ መናገሬ ነው የሚያንገበግበኝ። ለሦስት ዓመት ተመረጥኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለብርሃኔ ነገርኳት። እሷ አስተማሪ ናት።

«ጎሽ» አለች። «አምና ደመወዛችን ሁለት ወር የዘገየው ገቢ አልተሰበሰበም ተብሎ አይደል? ነጋዴው ካልከፈለ እኔን ማን ሊከፍለኝ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ከማን ወገን ነሽ?»

«ከደመወዜ» አለችኝ።

በማግስቱ ግን መንገዳችንን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩና ጎረቤቶቼን መከርኳቸው። «ስንመጣ አልቅሱ» አልኳቸው። «ሥራ ሞቷል በሉ፣ ዕቃችሁን ሸሽጉ፣ እኔ አለሁላችሁ።» ሁሉም እሺ አሉ፤ እሺ ያላለችኝ ሳሚራ ብቻ ናት።

የሳሚራ ምግብ ቤት ከእኔ ፊት ለፊት ነው፣ ከመንገዱ ማዶ። ባሏ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው፤ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ቤት ነው። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ መንገዱ ተዘግቶ ለወራት አንድ መኪና ሳያልፍ፣ የእኔን ልጆች ከድስቷ ያበላች እሷ ናት። አንድም ቀን ውለታዋን አንስታብኝ አታውቅም። እና ስመክራት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«አስተግፊሩላህ! ገቤ፣ ያልሞተውን ሥራ ሞተ ልበል? አላህ ሰምቶ ቢገድለውስ?»

«ቅብጥርጥር አትበይ፣ ዝም ብለሽ አልቅሺ!» ብዬ ተቆጣኋት። ሳቀችብኝ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ የሚጠይቀውም የሚጽፈውም ግን ባለሙያው ወንዳወቅ ነው፣ ከወልድያ የተመደበ ትሁት ልጅ። መዞር ጀመርን። ጎረቤቶቼ ያለቀሱት ለቅሶ! ሥጋ ቤቱ ሥጋውን ጓዳ ከቶ ባዶ መንጠቆ አሳየን። የጨርቅ ሻጩ መደርደሪያ ላይ ሦስት ሻርፕ ብቻ። እኔ ጎን ለጎን «አዎ፣ እውነት ነው፣ ምስኪን ነው» እላለሁ። ወንዳወቅም ዝቅ አድርጎ ይጽፋል።

ሳሚራ ቤት የገባነው በምሳ ሰዓት ሆነብን። በዚያ ላይ የዚያን ቀን ሲሪንቃ ካለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ሥልጠና የወጡ ሰዎች በሁለት መኪና መጥተው መቀመጫ ጠፍቷል። በዓመት ሁለቴ የማይሆን ነገር ነው። እሷ እንዳየችን ፊቷ በራ።

«ኑ! ኑ ግቡ! እንግዳ ቆሞ አያውቅም እዚህ ቤት!» አለችና የራሷን አግዳሚ ከጓዳ አወጣችልን። ሳናዝዝ ጥብስ መጣ። እግሯን በጫማዬ ነካ አደረግኩት፤ «ይቅርታ ገቤ፣ ጠበበህ እንዴ?» ብላ ራቅ አለች።

«ሥራ እንዴት ነው እህቴ?» አለ ወንዳወቅ።

በሆዴ «አልቅሺ፣ አልቅሺ» እላለሁ።

«አልሐምዱሊላህ! ሞልቶ ተርፎ ነው። የአላህን ውለታ በምን ልንገርህ?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ይሞላል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ቀን ጦሜን ዘግቼ አላውቅም።»

እሷ ማለቷ ልጆቼ ተርበው አላደሩም ነው። እኔ ይገባኛል። ወንዳወቅ ግን የሰማውን ጻፈ። ተነስተን ልንከፍል ስንል ደግሞ ተቆጣች። «ቤቴ ለመጣ እንግዳ ሒሳብ? ውርደቴን ነው የምትፈልጉት?» ለአምስት ሰው ጥብስ ገንዘብ አልቀበልም ያለች ሴት በወረቀት ላይ ምን እንደምትመስል እናንተው ገምቱት። አምና የቀን ገቢዋ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነበር። ዘንድሮ አራት ሺህ ሆነ።

ውጭ ስንወጣ የወንዳወቅን እጅ ያዝኩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህቺ ሴት አራት ሺህ በሕልሟም አላየችም!»

«ራሷ ናት የነገረችን፣ ጋሽ ገበየሁ» አለ። «ደግሞም መሰብሰቡ ግድ ነው። ዘንድሮ የሠራተኛ ደመወዝ ተጨምሯል፣ መንገድም ድልድይም ተይዟል። መንግሥት ከሰበሰበው በላይ ካወጣ ብር ገበያ ውስጥ ይበዛና ዘይቱም ዱቄቱም ይወደዳል።»

«እንዴ! ዘይት ቢወደድ ገዥዋ ሳሚራ ናት። ዘይት እንዳይወደድ ግብር ብትጨምሩም ከፋይዋ ሳሚራ ናት። በየት በኩል ትውጣ?»

መዝገቡን ዘግቶ ሊሄድ ሲል አለቀቅኩትም።

«ደመወዝ የተጨመረለት ሠራተኛስ ምሳውን የት በላ? እሷ ቤት! በቀኝ እጃችሁ ሰጥታችሁ በግራ ልትነጥቋት ነው?»

«የግብር ሥራው እሱ ነው እኮ» አለኝ። ሳይቀልድ ነው ያለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልንገርዎት። የዚህ መንገድ ጠቅላላ ድምር ከላይ ተወስኖ ነው የመጣው። ከሷ ላይ የማነሳው ሌላ ሰው ላይ መውረድ አለበት። እርስዎ ያውቋቸዋል። ማን ላይ ልጨምር?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ነው። ስም ዝርዝሩን አየሁት። ሥጋ ቤቱ መክፈል ይችላል፣ ጨርቅ ሻጩም ይችላል። ግን አልቅሱ ብዬ ያስለቀስኳቸው እኔ፣ እውነት ነው ብዬ የመሰከርኩላቸው እኔ! አሁን ዞሬ ዋሽተዋል ልበል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የዚያን ዕለት አፌን በሰፉት ብዬ ተመኘሁ።

ግምቱ ሲለጠፍ ሳሚራ መንገዱን ተሻግራ መጣችና ከጎማ ክምሬ ላይ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ አየኋት።

«ልዘጋ ነው ገቤ። ይህንን መክፈል አልችልም።»

«ቅሬታ አስገቢ! አምስት ቀን አለሽ። ያን ቀን ተሳስቼ ነው፣ የለኝም በይ።»

«በአላህ ስም አለኝ ያልኩትን በወረቀት የለኝም ልበል? ቤቴ ይዘጋ እንጂ ምስጋናዬን አልመልስም።»

«ድንቅ ነው! ልጆችሽን ምስጋና አብያቸው!» ብዬ ጮኽኩባት። ወዲያው ደነገጥኩ። እሷ የእኔን ልጆች ስታበላ ምን አውርታ ነበር? ምንም። አንገቷን ደፍታ ተነሳች፣ ሄደች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብላችሁ እመኑኝ። ጎማ እየመታሁ ነው ያለቀስኩት፣ ሰው እንዳያይ።

የኮሚቴ አባል የራሱ ቤት የሚገመተው መጨረሻ ነው። መዝገቡ በሚዘጋበት ዕለት ወንዳወቅና ሌሎቹ ወደኔ መጡ። ሌሊቱን ሙሉ የተለማመድኩት ለቅሶ ነበረኝ። ኮምፕሬሰሩ አርጅቷል፣ መብራት ይጠፋል፣ መኪናው ሁሉ ወልድያ ነው የሚያሠራው፣ ወገቤን ያመኛል። አንዱም ውሸት አይደለም።

«ሥራ እንዴት ነው ጋሽ ገበየሁ?»

ልጀምር ስል ከማዶ ሳሚራን አየኋት። አግዳሚዎቿን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ እያስገባች ነው። የመጨረሻው የእኛ ነበር፣ ጥብስ የበላንበት።

«ተመስገን» አልኩ። «ጥሩ ነው። በቀን ሦስት ሺህ ይገባል።»

ወንዳወቅ ብዕሩን አነሳ። «አምና አንድ ሺህ ነበር እኮ።»

«አምና አምና ነው! ባለቤቱ ሦስት ሺህ ሲልህ አንተ ምን አገባህ?» ብዬ ደነፋሁበት። «ድምሩ እንዳይዛነፍብህ፣ የተረፈውን ሁለት ሺህ ከማን ላይ እንደምታነሳው ታውቃለህ።»

ወደ ማዶ አየ። ከዚያ አንድ መስመር ሰርዞ ሌላ ጻፈ፣ አስፈረመኝ። ቸር ሰው እንዳትሉኝ። ፊርማዬ ሳይደርቅ ነው የቆጨኝ።

ብርሃኔ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሦስት ሺህ በቀን? የታለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ይህንን ግብር ከምን ልትከፍል ነው?»

«ከደመወዝሽ» አልኳት።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

በአራተኛው ቀን ሳሚራ በሰሐን የተሸፈነ ጥብስ ይዛ መጣች። አግዳሚዎቹ ተመልሰው ወጥተዋል። ፊቷ እንደ ድሮው በርቷል።

«አየህ ገቤ? ሳልለምናቸው፣ ሳልዋሽ፣ በራሳቸው ግማሹን አነሱልኝ! አንተ አልቅሺ ትለኛለህ። መንግሥትም ልብ አለው፣ አልሐምዱሊላህ።»

አፌ እንዳያመልጠኝ በጥብስ ሞላሁት።

«ለከርሞ ሲመጡማ» አለች፣ «ከዘንድሮው አስበልጬ ነው የማመሰግነው። ያመሰገነ ይጨመርለታል።»

«አሚን» አልኳት። ምን ልበል? ኮሚቴነቱ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።