ለስላሳው ሌንስ

«ምን ይዘሽ ነው?» አላት።

የሚስቱ ታናሽ እህት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ክው ብላ ቀረች። ሚስቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። እህትየው የሟችን ዕቃ ላነሳሳ ብላ ገብታ፣ አንዲት ትንሽ የዓይን ሌንስ ማስቀመጫ ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሸጉጣ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ምንም አይደል ጋሼ፤ የሚጣል ነገር ነው።»

«እሺ» ብሎ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ተጣቧል። ሚስቱ አሥራ አምስት ዓመት በአራሚነት የሠራችበት ማተሚያ ቤት አለቃ ሻዩን ይዞ የድሮ ነገር ያወራል። «አንድ ባለጸጋ ቤታቸውን ለሕፃናት ማሳደጊያ ሰጡ። እኛ ‹ሸጡ› ብለን አተምንባቸው! ‹ሸ› አናት ላይ ያለችውን ሰረዝ እሷ አላየቻትም። ሰውየው በሳቅ አለፉት እንጂ ጉድ ፈልቶብን ነበር።» ለቀስተኛው በእንባ መሀል ፈገግ አለ። ባልየው አልሳቀም፤ አላለቀሰምም።

«ከቀብሩ ጀምሮ አንዲት ዘለላ አልወጣውም እኮ» አለች ከጥግ አንዷ በሹክሹክታ።

«ተይው፤ የወንድ ልጅ እንባው በሆዱ ነው።»

እሱ የሚያስበው ያ ስሕተት እሱ ዓይን ወደሚመረምርበት መነጽር ቤት ያመጣትን ቀን ነበር። ገና በሩን ስትከፍት «ዓይኔ የሰው ቤት ሸጦ አዋረደኝ» ነው ያለችው። መረመራት።

«የዓይንሽ ፊት እንደ ኳስ ድቡልቡል መሆን ሲገባው ጥቂት ወደ እንቁላል ያደላል። አስቲግማቲዝም ይሉታል። ያንቺ ቀላል ነው፤ ግን ፊደሉን ጥላ ያበጅበታል።»

መነጽር አቀርቅራ ስታርም እየተንሸራተተ አስቸገራት። ዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስ ይሁን ተባለ። ሁለቱን ዓይነት ፊቷ አስቀመጠላት።

«ጠንካራው ፊደሉን ቁልጭ ያደርግልሻል፤ እስክትለምጂው ግን ይቆረቁርሻል። ለስላሳው ከመጀመሪያው ቀን ይመቻል፤ ግን ዓይንሽ ላይ ከዞረ መልሶ ይደበዝዝብሻል።»

«አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?»

«ጠንካራውን።»

«እንግዲያው እሱን።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ እያነባች ተመላለሰች። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ «ምነው ይህችን ልጅ የምታስለቅሳት? አግባትና ተገላገል!» አለው። በዓመቱ አገባት። ሊያበሽቃት ሲፈልግ «እመት ሸጡ» ይላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ፣ እህትየው ወጥ ቤት ድረስ ተከትላው ገባች። ማስቀመጫዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ጋሼ፣ ከሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። ጠንካራውን ከተወችው ሰባት ዓመቷ ነው። እየዋለ እያደረ ይቆረቁራት ጀመረ። ለስላሳውን ከሌላ ሱቅ የማመጣላት እኔ ነበርኩ። ‹በመረጠልኝ ነገር ቅር ይለዋል፤ እንዳይሰማ› ብላ አስምላኛለች።»

«አውቅ ነበር።»

«ማን ነገረህ?»

«ዓይኗ ነዋ! ጠንካራው ከቡናማው ክብ አያልፍም፤ የለስላሳው ጠርዝ ነጩ ላይ ያርፋል። ባደረገችው በመጀመሪያው ቀን፣ ቁርስ ላይ ነው ያየሁት። ዕድሜዬን በሰው ዓይን ጨርሼ የሚስቴን ዓይን አላይም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ግን... ጠዋት ጠዋት ‹ሌንሱ እንዴት ነው?› እላታለሁ። ‹አንተ የመረጥከው፣ ምን ይወጣለታል!› ትለኛለች፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። ያቺን ውሸቷን ለመስማት ነበር የምነሳው። አንድ ቀን፣ ስናረጅ፣ ነግሬያት አብረን እንስቅበታለን እያልኩ አቆየሁት። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ አሥራ አንድ ቀን ነበረኝ። አሁን አንዴ ብቻ ‹አንቺ ቀጣፊ፣ አውቄብሻለሁ› ብያት፣ ስትደነግጥ ባየኋት!»

እህትየው ተንሰቀሰቀች። ዓይኗን ደጋግማ ስታሽ እጇን ያዛት።

«አትሺው፣ ይቆስላል። ነይ ወደ ብርሃኑ።»

መስኮቱ ጋ አቁሟት አገጯን በአውራ ጣቱ ቀና አደረገ።

«ወደ ላይ እዪ። አሁን ወደ እኔ።»

ከእንባ በቀር ምንም አልነበረም። ዓይኗ ግን የእናታቸው ነው፤ ለሁለቱም እህትማማቾች እኩል የወረደ ቡናማ። ምርመራው አለቀ፤ እሱ አገጯን አልለቀቀም።

«ጋሼ?»

«ትንሽ ቆዪልኝ» አላት፣ እንባው መንታ መንታ እየወረደ።